ካራሞጆ ቤል፦ በትንሽ ጥይት ትልቅ ስም ያተረፈው አዳኝ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አፍሪካ የሚዘልቅ አውሮፓዊ ዝሆን አዳኝ የሚይዘው ጠመንጃ ለወትሮው ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ከባድና ሲተኮስ የባለቤቱን ትከሻ ክፉኛ የሚመታ ነበር። ነጥብ 600 ተብሎ ከሚታወቀው ጥይት ቀለህ ተለይቶ የሚወጣው እርሳስ ብቻውን 58 ግራም ያህል ይመዝናል። ግዙፍ አውሬ የሚወድቀው በግዙፍ ጥይት ነው የሚለው እምነት በአዳኞች ዘንድ ጸንቶ በኖረበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት 11 ግራም በምትመዝን እርሳስ ዝሆን እየጣለ ብዙዎችን አስገረመ። ዋልተር ዳልሪምፕል ሜይትላንድ ቤል ይባላል። ታሪክ የሚያውቀው ግን ካራሞጆ ቤል በሚል ቅጽል ስሙ ነው።

ቤል እ.ኤ.አ በ1880 በኤደንብራ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ባለጸጋ ቢሆንም እናትና አባቱን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነው። ያሳደጉት ታላላቅ ወንድሞቹ በትምህርት ቤት ሊያጸኑት አልቻሉም፤ ልቡ ያረፈው አደን ላይ ነበርና። በ17 ዓመቱ ገደማ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻግሮ፣ በዚያን ጊዜ በመዘርጋት ላይ በነበረው የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከአንበሳ የመጠበቅ ሥራ አገኘ። በእጁ የነበረችው አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ ነበረች። ሁለተኛ ጥይት እስኪያጎርስ አንበሳው የማይታገሠው ሰው የመጀመሪያውን ተኩስ አጥብቆ እንደሚያስብበት መገመት አያዳግትም።

ከዚያ የወርቅ ወሬ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሳበው። በካናዳዋ ዩኮን ወርቅ ፍለጋው ባይሳካለትም፣ ዱር ወርዶ እያደነ ለዳውሰን ከተማ ሥጋ በማቅረብ ኑሮውን ገፋ። የአጋዘን ዘመዶችን በስፋት ማደን የጀመረው በዚህ በረዷማ ምድር ነው። ቀጥሎም በካናዳ ፈረሰኛ ጦር ተመዝግቦ ወደ ደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ዘመተ፤ ፈረሱ ተመትቶበት ተማረከ፤ ከምርኮም አምልጦ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ አልገባም። የዝሆን ጥርስ ንግድ በደራባት ምሥራቅ አፍሪካ ቀረ።

ከ1902 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ በምትገኘው ካራሞጃ ለዓመታት አደነ፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። አገሩ ገላጣ፣ ሣሩ አጭር፣ ቁጥቋጦው እሾሃማ ነው። ዝሆኑ ከሩቅ ይታያል፤ አዳኙም እንዲሁ። እንዲህ ባለ ምድር በእግር ብዙ የሚጓዝ ሰው ከባድ ጠመንጃ ለሌላ አሸክሞ ከኋላ ያስከትላል፣ አለዚያ ራሱ ተሸክሞ ይደክማል። ቤል ሁለቱንም አልወደደም። ለአንድ ወንድ ዝሆን በአማካይ 73 ማይል፣ ማለትም ከ117 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ እንደሚጓዝ፣ በዓመትም 24 ጥንድ ጫማ እንደሚጨርስ ራሱ አስልቶ ጽፏል። ስለዚህ ጠመንጃው ቀላል መሆን ነበረበት፤ ጠመንጃው ቀላል ከሆነ ደግሞ ጥይቱም ትንሽ መሆን ግድ ነው።

ትንሹ ጥይት እንዲሠራ ግን አንድ ነገር ማወቅ ነበረበት። የወደቀ ዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት እያስከፈለ የአንጎሉን ቦታ አጠና። አንጎሉ ከዚያ ሁሉ ግዙፍ ራስ ውስጥ ጥቂት ስፍራ ብቻ እንደያዘ፣ ዙሪያው ማር እንጀራ በመሰለ ባለ ቀዳዳ አጥንት እንደተከበበ አየ። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በኩል ሲታይ ጥይቱ በየትኛው ማዕዘን ቢገባ አንጎሉን እንደሚያገኝ በሥዕል እያስቀመጠ ተማረ፤ ሠዓሊም ነበርና። ከኋላ በሰያፍ የሚተኮሰው አስቸጋሪ ምት እስከ ዛሬ በአዳኞች ቋንቋ በስሙ ይጠራል።

የመረጣት ጥይት በማውዘር ጠመንጃ የምትተኮሰው 7 በ57 ሚሊ ሜትር ናት፤ እንግሊዞች ነጥብ 275 ሪግቢ ይሏታል። እርሳሷ 11.2 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ትጓዛለች። ለአደን ከተሠሩት ይልቅ ለጦር ሠራዊት የተሠራችውን፣ ጫፏ ድፍንና ጠንካራ ሽፋን ያላትን መረጠ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ከዝሆን አጥንት ጋር ስትጋጭ የምትፈረካከስ ጥይት አንጎል ሳትደርስ ትቀራለች። ረጅምና ቀጭኗ እርሳስ ግን መንገዷን ሳትስት ጠልቃ ትገባለች። ሌሎች ጥይቶችንም ሞክሯል። ቤልን ወደ 7 ሚሊ ሜትሯ ደጋግሞ የመለሰው ሌላው ምክንያት የጀርመን ፋብሪካ የሠራት ጥይት ሳትከሽፍ መተኮሷ ነው። ከሜዳ ያልዋለ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ሊቆጥረው ይችላል፤ ጥይት የከሸፈበት ግን ያውቀዋል።

መልክዓ ምድሩ ሲለወጥ አደኑም ተለወጠ። በላዶ፣ ዛሬ በደቡብ ሱዳንና በኡጋንዳ በተከፈለው ግዛት፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እዚያ ዝሆኑ የሚታየው ከቅርብ፣ ያውም ጀርባው ብቻ ነው፤ ቤልም ሣሩን አሻግሮ ለማየት ከፍ ካለ ነገር ላይ እየቆመ ለመተኮስ ተገደደ። በእንዲህ ያለ አቋቋም ላይ ያለን ሰው ከባድ ጠመንጃ በርግጫው ብቻ ይጥለዋል። በላይቤሪያ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ደግሞ ርቀቱ የጥቂት እርምጃዎች ያህል ነበር። ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያም ዘልቋል፤ በጋምቤላ ቆላ የሚፈሰውን የጊሎ ወንዝና ረግረጉን ያቋረጠበትን ጉዞ በመጽሐፉ ተርኮታል።

በአጠቃላይ 1,011 ዝሆኖች ገድሏል፤ ከእነዚህ 28ቱ ብቻ ሴቶች ናቸው። 800 የሚሆኑት የወደቁት በዚያችው በትንሿ ጥይት ነው ይባላል። ይህ ቁጥር በዘመኑ ጀግና አሰኝቶታል። ዛሬ የዝሆን መንጋ በባቢሌና በቃፍታ ሽራሮ ተጠብቆ ሲቆጠር ለምናይ ሰዎች ግን ቁጥሩ ሐዘን ያለበት ነው። ጽሑፋችንም የግድያውን ብዛት ለማወደስ አይደለም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በታንጋኒካ ሰማይ በረረ፤ በተሰሎንቄ ግንባርም ተዋጋ፤ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አፍሪካ ቢመለስም፣ የኋላ ዘመኑን ከባለቤቱ ጋር ያሳለፈው በስኮትላንድ ደጋ፣ ኮሪሞይሊ በተባለ ርስቱ ነው።

ጥይት የመምረጡ ጉዳይ እንደገና የተነሣው በዚህ ነው። በስኮትላንድ ተራሮች የሚታደነው ቀይ አጋዘን ነው። ከባሌው የደጋ አጋዘናችን ጋር ስም ቢጋራም ዘራቸው ለየቅል ነው፤ የእኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ሲሸከም፣ የእነርሱ ወንድ በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። የሚታደንበት ስፍራ የአጋዘን ደን ይባላል፤ የሚገርመው ግን አብዛኛው ዛፍ የለበትም። አዳኙ ነፋሱን ከፊቱ አድርጎ በረግረጉ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ይቀርባል፤ ከዚህ በላይ መጠጋት የማይቻልበት ጊዜ ስለሚመጣ ተኩሱ ብዙውን ጊዜ ከራቅ ያለ ቦታ ነው። ዝግተኛ ጥይት በርቀት ቁልቁል ስለምትወርድ ርቀቱን የሳተ ተኳሽ እንስሳውን ያቆስላል እንጂ አይገድልም። የዝሆኗ ድፍን ጥይትም ለዚህ አትሆንም፤ በአጋዘን ገላ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ከፍታ ታልፍና የቆሰለው እንስሳ ርቆ ሄዶ በሥቃይ ይሞታል። ለአጋዘን የሚሆነው ገላ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ፣ ጫፉ ለስላሳ እርሳስ ነው።

ቤል በስተርጅና የወደደው በ1935 በአሜሪካ የወጣውን ነጥብ 220 ስዊፍት ነው። እርሳሱ 3.1 ግራም ብቻ ቢመዝንም በሰከንድ 1,250 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህም በገላጣ ተራራ ላይ ቀጥ ብሎ ይደርሳል። አጋዘኑን ባለበት እንደሚጥለው እያደነቀ ጻፈ። እዚህ ላይ ግን ከእርሱ ጋር መስማማት ይቸግራል። እንዲህ ያለ ቀላል እርሳስ ነፋስ ይገፋዋል፤ ቅጠልና ጭራሮ ሲነካው ይበተናል፤ የትከሻ አጥንት ካገኘም ሳይጠልቅ ሊፈርስ ይችላል። የቤል ዓይንና እጅ ያለው ሰው ሊሳካለት ይችል ይሆናል፤ ጥይቱን የሚገዛው ሕዝብ ግን ሁሉም ቤል አይደለም።

ቤል በ1954 በ73 ዓመቱ አረፈ። ስኮትላንድ በ1985 ባወጣችው ደንብ ለቀይ አጋዘን የሚተኮስ እርሳስ ቢያንስ 6.5 ግራም እንዲመዝን፣ በሰከንድ ቢያንስ 747 ሜትር እንዲጓዝና ሲመታ የሚሰፋ እንዲሆን አዘዘች፤ በ2023 የክብደቱ ወለል ወደ 5.2 ግራም ዝቅ ብሏል። በዚህ ደንብ ሲለካ ስዊፍት በፍጥነቱ ያልፋል፣ በክብደቱ ይወድቃል። ዝሆን የጣለችው የ7 ሚሊ ሜትሯ ጥይት ደግሞ በክብደቷ አልፋ በፍጥነቷና በድፍንነቷ ትወድቃለች። ያችው 7 ሚሊ ሜትር ቀለል ያለና የሚሰፋ እርሳስ ሲገጠምላት ግን መስፈርቱን ስለምታሟላ፣ ዛሬም በስኮትላንድ ተራሮች አጋዘን ይታደንባታል።

ከጠመንጃዎቹ አንዱን አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሩዋርክ ለንደን ውስጥ ገዝቶ፣ በኬንያ ስመ ጥር ለነበረው አዳኝ ለሃሪ ሴልቢ ልጅ በስጦታ አበርክቶታል።