ብግነትና ሕመም፦ የሠዓሊው ሬኗር ሕይወት ለዛሬው ሕክምና ያለው ትምህርት

በአዲስ አበባም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በለገዳዲ፣ በሱሉልታና በሰበታ አጥንትንና መገጣጠሚያን ለረጅም ጊዜ የሚያሠቃይ ሕመም በልማድ ቁርጥማት ይባላል። ስሙ ሰፊ ነው፤ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠውን ብግነትም ሆነ እብጠት ሳይኖረው መላ አካልን የሚያዳርሰውን ሕመም አንድ አድርጎ ይጠራል። በአውሮፓም ሩማቲዝም የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል። በዚህ ስም ሥር ሲሠቃዩ ከኖሩት ታዋቂ ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ኦጉስት ሬኗር ነው።

ሬኗር እ.ኤ.አ. በ1841 በሊሞዥ ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በሸክላ ዕቃዎች ላይ ሥዕል የመሳል ሙያ ተለማመደ። በ1874 ከክሎድ ሞኔና ከሌሎች ባልንጀሮቹ ጋር በፓሪስ በተከፈተው የመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች ዐውደ ርእይ ሥራዎቹን አቀረበ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ስሙ እየገነነ ሄደ።

ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1892 አካባቢ፣ ዛሬ ሩማቶይድ አርትራይተስ ተብሎ የሚታወቀው በሽታ ጀመረው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎች ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል፤ ብግነቱ ሲቆይም የአጥንት ልስልሱን ክፍልና አጥንቱን ራሱን ይበላል። በ1897 ሬኗር ከብስክሌት ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሽታው እየከፋ ሄደ። የአዲስ አበባ ሰው ለቁርጥማት ወደ ፍልውሃ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እርሱም በአገሩ ወደሚገኙ የፍል ውሃ መታጠቢያዎች ተመላለሰ። በ1907 ሞቃት አየር ፍለጋ በደቡብ ፈረንሳይ ካኝ በተባለው ስፍራ ርስት ገዛ። ከ1912 ጀምሮ ከተሽከርካሪ ወንበር አልተለየም።

በዘመኑ ለዚህ በሽታ ሁነኛ መድኃኒት አልነበረም። አስፕሪን ገበያ ላይ የዋለው በ1899 ነው፤ ኮርቲዞን ለሩማቶይድ አርትራይተስ የተሞከረው በ1948 ሲሆን፣ ዛሬ ዋነኛ የሆነው ሜቶትሬክሴት በስፋት መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1980ዎቹ ነው። ስለዚህ የሬኗር ታሪክ በሽታው ያለ ገቺ ሲሄድ የት እንደሚደርስ ያሳያል። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጠፉ፤ ትከሻውና ክርኑ ደረቁ፤ ሰውነቱ መነመነ።

ብሩሹ ከእጁ ጋር ይታሰር ነበር የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ግን ትክክል አይደለም። ጨርቁ የሚጠመጠመው የመዳፉ ቆዳ እንዳይቆስል ነበር፤ ብሩሹን ረዳቱ በጣቶቹ መካከል ያስይዘዋል፣ ሬኗርም ራሱ ይቀባል። በ1915 የተቀረጸ ፊልም ይህንኑ ያሳያል። ሰፊ ሸራ ሲሠራ ሸራው በጥቅል ላይ እየተንቀሳቀሰ እጁ ወደሚደርስበት እንዲመጣለት ይደረግ ነበር። ሐውልት መሥራት በፈለገ ጊዜም ወጣቱ ቀራፂ ሪሻር ጊኖ በእርሱ መሪነት ጭቃውን ቀረጸለት። አንድ ሐኪም በብዙ ጥረት ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ ካስቻለው በኋላ፣ መራመዱ ለሥዕል የሚያስፈልገውን ጉልበት ሁሉ እንደሚወስድበት አይቶ ወደ ወንበሩ መመለስን እንደ መረጠ ይነገራል።

በ1915 ሚስቱ አሊን ሞተች፤ ሁለት ልጆቹም በጦርነቱ ቆሰሉ። በዚያም መካከል መሳሉን አላቋረጠም። በ1919 በወንበሩ ሆኖ የሉቭር ሙዚየምን ጎበኘ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 3 በካኝ አረፈ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ዋና ፍሬ ነገር የመገጣጠሚያው ጉዳት መጠንና የሰውየው የመሥራት አቅም በአንድ ሚዛን የማይለኩ መሆናቸው ነው። የዚህ ተቃራኒም በክሊኒክ ይታያል፦ ብግነቱ በመድኃኒት ከበረደ በኋላ ሕመሙ የማይለቀው ታማሚ አለ። ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ፋይብሮማያልጂያም አለበት። ይህ ሁለተኛው ሕመም መላ አካልን የሚያዳርስ ሥቃይ፣ ድካምና እረፍት የማይሰጥ እንቅልፍ ያስከትላል፤ ምንጩም በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓት ለሕመም ስሜት ከልክ በላይ ንቁ መሆን እንጂ የመገጣጠሚያ ብግነት አይደለም። የፋይብሮማያልጂያ መለያ መስፈርት የወጣው በ1990 በመሆኑ ሬኗርን በዚህ ስም መመርመር ተገቢ አይሆንም፤ የእርሱ ጉዳት በግልጽ የብግነት ውጤት ነው።

የልዩነቱ አስፈላጊነት በሕክምናው ላይ ይታያል። የበሽታውን ብርታት የሚለካው የተለመደው ነጥብ ሲነኩ የሚያሙ መገጣጠሚያዎችን ቁጥርና የታማሚውን የራሱን ግምት ስለሚያካትት፣ ፋይብሮማያልጂያ ባለበት ሰው ላይ ብግነት ሳይኖር ከፍ ሊል ይችላል። ሐኪሙ ነጥቡን ብቻ አምኖ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶችን ወይም ሌሎች የመከላከያ አቅም የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን ቢጨምር፣ ሕመሙ ሳይቀንስ የሳንባ ነቀርሳ ተጋላጭነት ይጨምራል፤ ይህ በሽታ በስፋት በሚገኝባት ኢትዮጵያ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። በሌላ በኩል እውነተኛ ብግነት በተራ ቁርጥማት ስም ሲታለፍ፣ የሬኗርን እጅ ያጠፈው ጉዳት ይደገማል። ቁርጥማት ይዞኛል ብሎ ለመጣ ታማሚ ያበጠውን መገጣጠሚያ ከሚያመው መገጣጠሚያ ለይቶ መቁጠር፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ድካሙም መጠየቅ ሁለቱንም ስሕተቶች ለመቀነስ ይረዳል።