ትራክተርን ያሳነሰው ሰው፤ ሃሪ ፈርጉሰን

ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ ወደ ወሊሶ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጥቁሩን መሬት በሁለት በሬ የሚገለብጥ ገበሬ ማየቱ አይቀርም። አልፎ አልፎም ትራክተር ሲያርስ ያገኝ ይሆናል፤ ልብ ብሎ ቢመለከት ማረሻው ከኋላ በሦስት የብረት ክንዶች ተይዞ ከፍና ዝቅ ሲል ያያል። እነዚህን ክንዶች ለዓለም ያበረከተው የገበሬ ልጅ የሆነው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፈርጉሰን በ1884 በአየርላንድ፣ ድሮሞር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። ከ11 ልጆች አራተኛው ነበር። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ እርሻ ላይ ቢውልም ድካሙን አልወደደውምና በ1902 ቤልፋስት ሄዶ ከወንድሙ የብስክሌትና የአውቶሞቢል መጠገኛ ገባ። በ1909 የመጨረሻ ቀን ራሱ በሠራው አውሮፕላን ተነሥቶ በአየርላንድ ለመብረር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለሌላ ሰው ይህ ብቻ የዕድሜ ልክ ዝና በሆነ ነበር።

እርሻ ግን ተከትሎ ያዘው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል ስለ ጠፋ፣ በ1917 መንግሥት የአየርላንድን ትራክተሮች ሥራ እንዲያሻሽል አዘዘው። ባልደረባውን ዊሊ ሳንድስን ይዞ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዞር ትልቅ ጕድለት አየ። ማረሻው እንደ ጋሪ ከኋላ ተጎታች ነበር። ስለዚህ ጎማው መሬቱን እንዲቈነጥጥ ሲባል ትራክተሩን እጅግ ማክበድ የተለመደ ሆነ፤ ከባዱም ትራክተር አፈሩን እየረገጠ ያደነድነዋል፣ ነዳጁም ዋጋውም ከትንሽ ገበሬ ዐቅም በላይ ነው። ቀላሉ ደግሞ ገዳይ ሆነ። አዲስ በተመነጠረ መሬት ውስጥ ማረሻው ከተቀበረ ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲጋጭ ይያዛል፤ ሞተሩ ግን አይቆምም፤ ትራክተሩም አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጣል። በዚህ አኳኋን ብዙ ነጂዎች ሞተዋል።

የእኛ ገበሬ እርፉን ጨብጦ ሲያርስ፣ ማረሻው ሥር ሲነካ በእጁ ይሰማዋል፤ ወዲያውም ያላላል። የፈርጉሰን ጥበብ ይህን እጅ ለብረት መስጠት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ የታች ክንዶች ማረሻውን ይጎትታሉ፤ ሦስተኛው የላይ ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋል። የማረሻውና የአፈሩ ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላሉ ትራክተር ራሱን ሳያከብድ መሬት ይቈነጥጣል፤ አፍንጫውም አይነሣም። ማረሻው ጉቶ ሲመታ በዘይት ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ጭነቱን ከጎማው ላይ ያነሣና ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ነጂውም ይድናል። የዚህን ፈጠራ መብት በ1926 አስመዘገበ።

በ1938 አሜሪካ ተሻግሮ ትራክተሩን ለሄንሪ ፎርድ አሳየ። ሁለቱ የገበሬ ልጆች ውል ሳይጽፉ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ብቻ ተስማሙ። ከ1939 ጀምሮ ከ300 ሺህ በላይ ትራክተሮች ተሠሩ። ነገር ግን የፎርድ የልጅ ልጅ ድርጅቱን ሲረከብ የጭብጨባውን ውል አፈረሰ። ፈርጉሰን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ተከራከረና በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ታረቀ። (ሹማምንት ወረቀት ማብዛታቸው ሲነቀፍ ለምንሰማ ሰዎች ይህ ነገር ጥቂት ያሳስባል።) እርሱ ግን በዚህ መካከል በኮቨንትሪ ከተማ ቲ ኢ 20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ እስከ 1956 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ወጣ። በ1958 ኤድመንድ ሂላሪ እስከ ደቡብ ዋልታ የነዳው ይህንኑ ነው።

የቲ ኢ 20 ክብደት ከአንድ ቶን ብዙ አይበልጥም፤ ጉልበቱም ከ30 ፈረስ በታች ነው። ይህ ማለት ትንሽ ትራክተር ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። ትልልቅ ዛፍ የቆመበትን ጫካ ለመመንጠር ባለ ሰንሰለት ዶዘር ያስፈልጋል። ቍጥቋጦና ትንሽ ጉቶ ላለበት ግን አስቀድሞ ዙሪያውን ቈፍሮ ሥሩን ቈርጦ፣ ሰንሰለቱንም ከታችኛው መሳቢያ ላይ ብቻ አስሮ ትንሹ ይበቃል፤ ከፍ አድርጎ ያሰረ ሰው የፈርጉሰንን ጥበብ ከንቱ ያደርገዋል። የግዢ ወረቀት የሚፈርም ወጣት ሹም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን የማሳውን ስፋት፣ የአፈሩን ዐይነትና ከኋላ የሚታሰረውን መሣሪያ ነው። በዋልካ መሬት ላይ፣ በዝናብ ጊዜ፣ ከባድ ትራክተር ትርፉ ጭቃ መርገጥ ነው።

ፈርጉሰን በ1953 ድርጅቱን ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር አዋሐደ። በዋጋው ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሲፈጠር ሳንቲም ተወርውሮ ዕጣ እንዲለይ ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ሲሆን፣ የተሸነፈውም ራሱ ነው። ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ውሕደት ነው። ሰውየው በጥቅምት ወር 1960 በእንግሊዝ አገር፣ በቤቱ ሞተ።

የፈርጉሰን ምኞት ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ ርካሽ መሣሪያ እንዲያገኝ ነበር። በአርሲ ጭላሎ በ1967 በስዊድን ርዳታ የእርሻ ልማት ሲጀመርና ስንዴው ትርፍ ሲያመጣ ግን፣ ትራክተር የገዙት ባለርስቶቹ ነበሩ። መሬቱን ራሳቸው ማረስ ስለ ቻሉም ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። ጭሰኝነት በ1975 በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ ብዙ ቤተሰብ በሬውን እየነዳ ከጭላሎ ወጥቷል።