በስድስት ነጥብ ዓለምን ያስነበበው ታዳጊ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሉዊ ብሬል ነው። ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም፤ ዐይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ጽሑፍ "ብሬል" የተባለው በእሱ ስም ነው። ፈልስፎ ሲጨርስ ግን ገና የ15 ዓመት ልጅ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉዊ ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ባለሙያ ነበር። ሉዊ 3 ዓመቱ ላይ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲጫወት የቆዳ መብሻ ወስፌ አንስቶ አንዱን ዐይኑን ወጋው። ያኔ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከላከል መድኃኒት የት ይገኛል? ሕመሙ ወደ ሌላኛው ዐይኑም ተዛመተ። 5 ዓመት ሲሞላው ምንም አያይም ነበር።

በዚያ ዘመን ዐይነ ስውር የድሃ ልጅ ዕጣው በአብዛኛው ልመና ነው። የሉዊ ወላጆች ግን ልጃቸውን ቤት አልደበቁትም፤ ከመንደሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ላኩት። እየሰማ ብቻ ተማረ፣ ጎበዝም ሆነ። በ10 ዓመቱ፣ በ1819፣ ቫለንቲን አዊ የተባለው ሰው በመሠረተው የፓሪስ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ።

እዚያ መጽሐፍ አለ ተብሎ ነበር። አለም፤ ግን ምን ዓይነት መጽሐፍ! ተራው የፈረንሳይኛ ፊደል ወረቀቱ ላይ እብጥ ተደርጎ የታተመበት ግዙፍና ከባድ ነገር ነው። አንዷን ፊደል በጣት ዳብሶ ለመለየት ጊዜ ይፈጃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ መጀመሪያው ይረሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተማሪው በዚህ መንገድ በራሱ መጻፍ አይችልም። ማንበብ እንጂ መመለስ የለም ማለት ነው።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የጦር መኮንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ግን አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚይዝ በአንድ የጣት ጫፍ አይሸፈንም። የሚጻፈው ድምፁ እንጂ ትክክለኛው የቃሉ ፊደል አልነበረም፤ ሥርዓተ ነጥብም የለውም።

ሉዊ ይህን ይዞ ተቀመጠ። ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው፦ በሁለት ዓምድ፣ ሦስት ሦስት። ከእነዚህ ብቻ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለፊደሉም፣ ለቁጥሩም፣ ለሙዚቃ ኖታውም ይበቃሉ። በ1824 ዋናው ሥራ አልቆ ነበር። እኛን የሚገርመን የነጥቡ ማነስ ብቻ አይደለም። የሚያዩት ሰዎች ለዐይን የሚመች ፊደል ለጣትም ይሆናል ብለው ሲደክሙ፣ ጣት የራሱ ፊደል እንደሚያስፈልገው የገባው የሚዳብሰው ልጅ መሆኑ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ነጥቡ የሚጻፈውም ወረቀቱን በሹል ነገር በመውጋት ነው፤ ዐይኑን ያጠፋው ወስፌም ሹል ነበር።

ለራሱ ብቻ ይዞት ቢቀመጥ ምን ይሆን ነበር? እሱ ግን ለክፍል ጓደኞቹ አስተማረ፣ በ1829 ደግሞ አሠራሩን በመጽሐፍ አወጣው። በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ጎበዝ ኦርጋን ተጫዋችም ስለነበር በፓሪስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። ለተቸገሩ ተማሪዎቹም ከኪሱ ያበድር ነበር፤ ካረፈ በኋላ የብድር ወረቀቶቹ የታጨቁበት ሳጥን ተገኘና እሱ እንዳለው ተቃጠለ።

ነገሩ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ዳይሬክተሩ የሉዊን ጽሑፍ ከትምህርት ቤቱ አገደው። ተማሪዎቹስ? ተደብቀው ይጻጻፉበት ጀመር! አንዴ የራሱን ማስታወሻ በራሱ ጣት ያነበበ ልጅ ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም። በ1844 አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅ ዘዴው በይፋ፣ በሕዝብ ፊት ታየ፤ እገዳውም ላላ።

ሉዊ ግን ለዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ ኖሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 አረፈ። 43 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ፈረንሳይ ጽሑፉን በይፋ የተቀበለችው በ1854 ነው፤ በሁለት ዓመት አመለጠው። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1952፣ አስከሬኑ ታላላቆቿ ወደሚያርፉበት ፓንቴዎን ተዛወረ። የእጆቹ አጽም ግን በኩቭሬ ቀረ።

ስድስቱ ነጥቦች እኛም ጋ ደርሰዋል። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ አይበቁም ትሉ ይሆናል፤ የአማርኛ ብሬል ግን ዘዴ አለው። ተነባቢው በአንድ ምልክት፣ አናባቢው በሌላ ምልክት ይጻፋል። "ቡ" ለማለት መጀመሪያ የ"ብ"፣ ቀጥሎ የ"ኡ" ምልክት ይነካል። ዛሬም የአገራችን ዐይነ ስውራን ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ሀሁን በጣታቸው ይቆጥራሉ።