ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፦ ከደብረ ታቦር እስከ ዊንድሰር

የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሙታንን በባለቀለም የመስታወት መስኮቶችና በግድግዳ ላይ በሚተከሉ የናስ ሰሌዳዎች የመዘከር የቆየ ልማድ አላቸው። በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ከሚታዩት መታሰቢያዎች መካከል አንዱ የናስ ሰሌዳ የተተከለው ግን በደብረ ታቦር ለተወለዱ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነው። እኚህም የዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ናቸው።

ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም ከአጼ ቴዎድሮስና የደጃዝማች ውቤ ልጅ ከሆኑት ከእቴጌ ጥሩወርቅ ተወለዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር በሚመራው የእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ አጼ ቴዎድሮስ ላለመማረክ ሲሉ ራሳቸውን ሰዉ። ጦሩም የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ቅርሶችን ዘርፎ፣ እቴጌይቱንና ሕፃኑን ልዑል ይዞ ወደ ባሕር ጠረፍ አመራ። እቴጌ ጥሩወርቅ በግንቦት ወር በጉዞ ላይ ሳሉ በሕመም አረፉ። በዚህም ዓለማየሁ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን አጡ።

የ7 ዓመቱ ልዑል በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ሞግዚትነት በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያም በዋይት ደሴት በሚገኘው የኦስቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው አነጋገሯቸው። ልዑሉ ከስፒዲ ጋር በሕንድ ቆይተው ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ውሳኔ ከሞግዚታቸው ተለይተው በቼልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተደረገ። ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት የገቡ ሲሆን፣ በዚያ የነበራቸው ቆይታ ግን አልሰመረም። በሊድስ ከተማ በግል አስተማሪ ዘንድ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ሳሉም በሳንባ ሽፋን ሕመም ታመው ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም በ18 ዓመታቸው አረፉ።

በንግሥቲቱ ፈቃድ አስከሬናቸው በጸሎት ቤቱ አጠገብ ከመሬት በታች በሚገኝ መቃብር እንዲያርፍ ተደረገ። በጸሎት ቤቱ ውስጥ በተተከለው ሰሌዳ ላይም እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ሰፍሯል። ይሁን እንጂ ልዑሉ ከአገራቸው በጦር ኃይል የተወሰዱ እንጂ በፈቃዳቸው የሄዱ እንግዳ አልነበሩም።

አጽማቸው ወደ አገሩ እንዲመለስ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጥያቄ አቅርበዋል። የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት በበኩሉ በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም በሰጠው ምላሽ፣ በሥፍራው ያረፉትን የሌሎች ሰዎች አጽም ሳይነኩ ጥያቄውን መፈጸም እንደማይቻል አስታውቋል። ከአራት ወራት በኋላ በመስከረም 2016 ዓ.ም ግን የልዑሉ የፀጉር ቁራጭ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተመልሷል።

የናሱ ሰሌዳ የንግሥቲቱን ሐዘንና ደግነት ሲመሰክር ቆይቷል። ልዑሉ በምን ሁኔታ ከአገራቸው እንደወጡ ግን በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቃል አይናገርም። ይህንን ለትውልድ ማስተላለፍ የተወለዱበት አገር ኃላፊነት ነው።