የማይቆርጥ ቢላዋ ሠሪ የተባለው ሰው፦ ሃሪ ብሬርሊ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ማኅበራችን ባዘጋጀው የሽርሽር ጉዞ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወንድማችን ከአገር ቤት ያመጣው፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ሎሚ ሲቆረጥበት ስለ ጠቆረ ተሳቀበት። ማገዶ ሲፈለጥ ግን ከገበያ የተገዛው የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ስለቱ ተሸረፈና ባሌስትራው ሥራውን ጨረሰ። ለመሆኑ ለከባድ የሜዳ ሥራ የሚሻለው የትኛው ብረት ነው? ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ የሚያብራራልን የእንግሊዛዊው የሃሪ ብሬርሊ ሕይወት ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ እትም በአጭሩ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሬርሊ በ1871 የአረብ ብረትና የቢላዋ ከተማ በሆነችው በሼፊልድ ተወለደ። አባቱ ብረት አቅላጭ ወዛደር ሲሆን፣ ቤታቸውም ልጅ የበዛበት የድኻ ቤት ነበር። በ12 ዓመቱ ትምህርት ቤት ተሰናብቶ ሥራ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ በሚሠራበት በቶማስ ፈርዝ ፋብሪካ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆነ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጄምስ ቴይለር የልጁን ትጋት አይቶ እንዲማር ገፋፋው፤ እርሱም ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ የብረት ኬሚስትሪን ጠንቅቆ ዐወቀ። በ1904 ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በሪጋ ከተማ፣ ፋብሪካው ባቋቋመው ቅርንጫፍ እንዲሠራ ተላከ። ወደ ሼፊልድ ከተመለሰም በኋላ ሁለት የብረት ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙትን የምርምር ላቦራቶሪ እንዲመራ ተሾመ። በ1911 ስለ መሣሪያ ብረት አሞቃቅና አቀዘቃዘዝ መጽሐፍ አሳተመ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ይመጣበታልና።

በ1912 የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ በሙቀትና በጋዝ እየተበላ ስለሚያስቸግር መፍትሔ እንዲፈልግ ተጠየቀ። ክሮሚየም የበዛበት ብረት ሙቀት ይችል እንደ ሆነ ሲሞክር፣ በነሐሴ 1913 ከመቶ 12.8 ክሮሚየምና 0.24 ካርቦን ያለበት ብረት ቀለጠለት። የብረትን ውስጠኛ ገጽ በማይክሮስኮፕ ለማየት አስቀድሞ በአሲድ ማስበላት የተለመደ ነበር። ይህን ብረት ግን አሲዱ እንደ ልማዱ ሊበላው አልቻለም። ብሬርሊ ኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂ ጨመረበት፤ ብረቱ አልጠቆረም። ለጠመንጃ የተጀመረው ምርምር ወደ ገበታ ቢላዋ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው።

ለሁለት ቢላዋ ሠሪዎች ብረቱን ሰጥቶ እንዲሞክሩት ጠየቀ። መልሳቸው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ ብረቱ ለመዶሻ አይመችም፣ ቢነከርም አይጠነክርም፣ ለቢላዋም አይረባም አሉ። በከተማውም የማይቆርጥ ቢላዋ ፈልሳፊ ተብሎ ተቀለደበት። ነገሩን የታደገው የሌላ ቢላዋ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኧርነስት ስቱዋርት ነው። እርሱ በኮምጣጤ ፈትኖ አለመጥቆሩን ካየ በኋላ፣ ደጋግሞ ቢበላሽበትም ሳይታክት ቀጠለ፤ በሦስተኛው ሙከራ ጥሩ ቢላዋ ወጣው።

ታዲያ ስሕተቱ ምን ነበር? ብረቱ አልነበረም፤ እሳቱ ነበር። የሼፊልድ ባለሙያዎች በዐይን እየለኩ የሚያግሉት የካርቦን ብረት ወደ 780 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ቢነከር ይጠነክራል። ክሮሚየም የበዛበት ብረት ግን 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሙቀቱ ካነሰ ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ጋር ተቆራኝቶ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ቢላዋው ጥንካሬውንም ዝገት የመከላከል ኃይሉንም በአንድነት ያጣል። ስለዚህ ያ ብረት የተሳቀበት በማያውቀው እሳት ስለ ተዳኘ ነው።

ብሬርሊ ግን ዕረፍት አላገኘም። ግኝቱ የማን ነው በሚል ከአሠሪዎቹ ጋር ተጣልቶ በ1915 ሥራውን ለቀቀና ብራውን ቤይሊ ወደተባለ ሌላ ፋብሪካ ገባ። የአሜሪካንን ፓተንት በ1916 አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ ለአውሮፕላን ሞተር ዋለ። በ1920 የእንግሊዝ የብረት ሊቃውንት ማኅበር የቤሴመርን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በጀርመንና በአሜሪካም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ብረት የሠሩ ስለ ነበሩ፣ ክብሩን ሁሉ ለእርሱ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። በ1941 ለሼፊልድ ሕዝብ የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1948 ዐረፈ።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከመቶ አንድ ያህል ካርቦንና 17 ገደማ ክሮሚየም ያለበት፣ 440 ሲ የሚባለው ብረት ዝገትን ይከላከላል፤ ስለቱም ይቆያል። ነገር ግን ግንድ ሲመታ የመሸረፍ ጠባይ አለው፤ ሜዳ ላይም በተራ ድንጋይ ለመሳል ያስቸግራል። ካርቦኑ ያነሰበት የማይዝግ ብረት ደግሞ ለውሃ ዳር ሥራ ይመቻል፤ ቢታጠፍ እንጂ ቶሎ አይሸረፍም፤ ግን ቶሎ ይደንዛል። ካርቦኑ ከመቶ 0.95 ያህል የሆነው 1095 የተባለው ተራ የካርቦን ብረት በቀላሉ ተስሎ እንደ ምላጭ ይሆናል፤ ሳይደርቅ ከዋለ ግን ይዝጋል። ለባሌስትራ ከሚውሉት ብረቶች አንዱ 5160 የሚባለው ሲሆን፣ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ይዞ ክሮሚየሙ አንድ እንኳ አይሞላም። ይዝጋል፤ ነገር ግን የመኪና ጭነት ተሸክሞ እንዲነጥር የተሠራ ስለ ሆነ ምት ይችላል። እንግዲህ ለገጀራ፣ ለመጥረቢያ፣ እንጨት ለሚፈለጥበት ትልቅ ቢላዋ ባሌስትራ ይመረጣል፤ ለባሕር ዳርና ለወጥ ቤት የማይዝገው። ከሁሉም በላይ የብረቱ ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በአግባቡ ካልጋለና ካልቀዘቀዘ ውዱም ብረት ቆርቆሮ ነው።

ይህን ስንረዳ የአገራችን ቀጥቃጭ ታወሰን። በወናፍና በከሰል እሳት፣ ያለ ሙቀት መለኪያ የሚሠራ ሰው ባሌስትራን የሚመርጠው ድህነት ስለ ያዘው ብቻ አይደለም። በዐይኑ ሊዳኘው የሚችለው፣ ለሥራውም የሚስማማው ብረት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ይህን ባለሙያ ነው ስንት ዘመን ቡዳ እያልን የሰደብነው፤ እኛም የተማርን ነን የምንለው ቢላዋው በሎሚ ጠቆረ ብለን የሳቅነው። የሼፊልድም ሰዎች በብሬርሊ የሳቁት የማያውቁትን ብረት በሚያውቁት እሳት ለክተው ነው። የዚያ ወንድማችን ቢላዋ ግን ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ለሚቀጥለው ጉዞ ተዘጋጅቷል።