በሁለት ሜዳ የተሰለፈው ሞሪስ ተርንቡል

ክሪኬትና ራግቢ ለብዙዎቻችን እንግዳ ጨዋታዎች ናቸው። ክሪኬት በጠፍጣፋ እንጨት ኳስ እየመቱ ነጥብ ለመሰብሰብ የሚሮጡበት፣ አንዱ ግጥሚያ ቀናት ሊፈጅ የሚችል የበጋ ጨዋታ ሲሆን፣ ራግቢ ደግሞ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበት የክረምት ትግል ነው። በሁለቱም ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ የጥቂቶች ዕድል ነው። ለእንግሊዝ በክሪኬት፣ ለዌልስ በራግቢ የተሰለፈ ግን ሞሪስ ተርንቡል ብቻ ነው።

ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. በዌልስ በካርዲፍ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የመርከብ ባለቤቶች ነበሩና ችግር አላየም። አባቱ በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ለዌልስ በሆኪ ተጫውቶ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘ ሰው ነበር። ልጁም ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1924 ለግላሞርጋን የክሪኬት ቡድን ተሰለፈ። በኋላም ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቡድኑ አምበል ሆነ። በ1930 መጀመሪያ በኒውዚላንድ ለእንግሊዝ ሲጫወት፣ ከግላሞርጋን ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ተጫዋች እርሱ ነበር። በጠቅላላው ለእንግሊዝ 9 ጊዜ ተጫውቷል።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ከሜዳ ውጭ ያለው ሥራው ነው። በ1930፣ በ24 ዓመቱ የግላሞርጋን አምበል ሲሆን፣ ቡድኑ ከታላላቆቹ ተርታ ከገባ 9 ዓመቱ ነበር፤ ዘወትር ከጭራ አካባቢ የማይጠፋ፣ በዕዳም የተያዘ ነበርና ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ተርንቡል አምበልነቱ ሳያንሰው ጸሐፊም ሆነ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከባልንጀራው ከጆኒ ክሌይ ጋር በየከተማው እየዞረ የዳንስና የራት ግብዣ በማዘጋጀት ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። መዋጮ ለማሰባሰብ ደጅ የጠናን ሁሉ ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እናውቀዋለን! የሀብታም ልጅ ነበርና ቢተወው የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።

ሆኖም ጨዋታውን አልበደለም። በ1932 በካርዲፍ፣ ባለ ኃይለኛ ክንዶቹ ላርዉድና ቮስ ኳሱን ወደ ሰውነት እያነጣጠሩ ሲወረውሩ፣ እርሱ 205 ነጥብ አስቆጠረ። በጥር 1933 ደግሞ በለንደን ትዊክንሃም ለዌልስ ራግቢ ተሰለፈ። የእርሱ ድርሻ ኳሷን ከግፊያው ሥር አውጥቶ ለኋለኞቹ ማቀበል ነበር። ዌልስ በዚያ ሜዳ እንግሊዝን አሸንፋ አታውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን 7 ለ 3 አሸነፈች። ዊልፍ ዉለር የተባለ የ20 ዓመት ወጣትም እንደ እርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በዚሁ ቀን ነው።

ግላሞርጋን ቀስ በቀስ ከዕዳው ወጣ። ተርንቡል እስከ 1939 አምበል ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት ትዳር ያዘ፤ ጦርነቱም ተነሣ። ዌልሽ ጋርድስ በሚባለው ክፍለ ጦር ሻለቃ ሆኖ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1944 (በእነርሱ አቆጣጠር) በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ ሞንሻም በተባለች መንደር በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 38 ነበር፤ ሦስት ልጆች ትቷል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ግላሞርጋን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የካውንቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። አምበሉ ያ የትዊክንሃሙ ወጣት ዊልፍ ዉለር ነበር። ድሉ በተረጋገጠበት በቦርንማውዝ ግጥሚያ የመጨረሻውን ተጋጣሚ በኳሱ ያስወጣው ደግሞ፣ በክረምት ከተርንቡል ጋር ገንዘብ ሲለምን የኖረው ጆኒ ክሌይ ነው። ያን ጊዜ የ50 ዓመት ሰው ነበር።