ጆን ሚዩር፦ የአላስካን በረዶ ለመርከበኞች ያሳየው ባለ ታንኳ

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሲያትልና ከቫንኩቨር እየተነሱ ወደ አላስካ የሚጓዙትን ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች በቪዲዮ ያላያችሁ የላችሁም ብለን እናስባለን። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ መርከብ፣ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ትኩስ ነገር የሚጠጡ ሰዎች፣ ከፊታቸው ደግሞ ሰማያዊ የበረዶ ግድግዳ። ግድግዳው ጓ ብሎ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ኬቺካን፣ ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ሲትካ የሚባሉት የወደብ ከተሞች ዛሬ አንዱ ትልቅ እንጀራቸው ይኸው ነው።

ይህን ጉዞ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ግን በመርከብ ሳይሆን በታንኳ፣ በበጋ ሳይሆን ክረምት ሊገባ ሲል ነበር የሄደው። ጆን ሚዩር ይባላል። አሜሪካኖች የብሔራዊ ፓርኮች አባት ይሉታል፤ እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ስለ በረዶው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሚያዝያ 21 ቀን 1838 ስኮትላንድ ውስጥ ዳንባር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባቱ ዳንኤል ሃይማኖትን በዱላ የሚያስተምር ዓይነት ሰው ነበር። ልጁ 11 ዓመት ሲሞላው አዲስ ኪዳንን በሙሉ፣ ከብሉይ ኪዳንም አብዛኛውን በቃሉ ይወጣው ነበር፤ እንዴት እንዳጠናው ጀርባው ያውቃል። በ1849 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ዊስኮንሲን ውስጥ ጫካ መንጥሮ ማረስ ጀመረ።

እዚያ የሆነውን አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አናልፍም። አባትየው ጉድጓድ ቆፍር አለው። ድንጋዩን በመሮና በመዶሻ እየፈለፈለ፣ በባልዲ ወደ ታች እየወረደ፣ ለወራት ብቻውን ቆፈረ። አንድ ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመ መርዘኛ አየር ራሱን አሳተው፤ እንደምንም ጎትተው አወጡት። ተሽሎት ከሞት ተመለሰ ስንል አባቱ መልሶ አወረደው! ውኃው የተገኘው 27 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳንኤል ሚዩር አንዲት መሮ አልመታም።

ልጁ እጁ ወርቅ ነበር። ከእንጨት ሰዓት ይሠራል፤ በሰዓቱ ገልበጥ ብሎ የተኛውን ሰው በእግሩ የሚያቆም አልጋ ሁሉ ሠርቷል። በ1860 እነዚህን ተሸክሞ ማዲሰን ከተማ ወደሚደረገው ኤግዚቢሽን ሄደና የሰው መነጋገሪያ ሆነ። ዩኒቨርሲቲም ገባ፤ ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። ኢንዲያናፖሊስ የሠረገላ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ በ1867 የያዘው ሞረድ አፈትልኮ ቀኝ ዓይኑን ወጋው። የግራውም ተከትሎ ጠፋ። ለሳምንታት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛ። ብርሃኑ ሲመለስለት ማሽን ብሎ ነገር በቃኝ አለና እስከ ፍሎሪዳ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ሄደ። እዚያ ወባ ጣለው። ካገገመ በኋላ በ1868 ካሊፎርኒያ ገባ።

ስለ ዮሰማይት ሸለቆ ብዙ ስለተጻፈ እኛ በአጭሩ እንለፈው። የካሊፎርኒያ ዋና ጂኦሎጂስት የነበረው ጆሳያ ዊትኒ ሸለቆው መሬት ተደርምሶ የተፈጠረ ነው ይል ነበር። በግ ጠባቂና የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ የነበረው ሚዩር ደግሞ የለም፣ የቀረጸው የበረዶ ግግር ነው አለ። ምሁሩ ናቀው። በኋላ የታየው ግን ሚዩር በዋናው ነገር ትክክል እንደነበር ነው። ታዲያ በካሊፎርኒያ ተራሮች የቀሩት ግግሮች ትንንሽ ናቸው፤ እሱ ማየት የፈለገው በሥራ ላይ ያለ፣ ተራራ እየፈጨ ያለ ትልቁን ነው። ለዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን መሄድ ነበረበት።

በ1879 ሉዊ ስትሬንዝል ከምትባል ሴት ጋር ተጫጨ። ሌላ ሰው ቢሆን ሠርግ ያዘጋጅ ነበር፤ እሱ የእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ አላስካ ሄደ። አሜሪካ አላስካን ከሩሲያ ከገዛች ገና 12 ዓመቷ ነው። የወረደባት የራንግል ወደብ ጭቃ በጭቃ የሆነች፣ የእንጨት ቤቶች በባሕሩ ዳር የተበተኑባት መንደር ነበረች። አንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ሲወርድ ሚዩር ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጣና ከባድ እሳት አነደደ። ለምን? ዛፎች በማዕበል ጊዜ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት! ሰማዩ ላይ የተንቦገቦገውን ብርሃን ያዩ የመንደሩ ሰዎች መዓት መጣ ብለው ሚሲዮናውያኑን ጸልዩልን እስከማለት ደረሱ።

እዚያ የተዋወቀው ሚሲዮናዊ ሆል ያንግ የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሆነ። ወዳጅነቱ የታሰረው በገደል አፋፍ ነው። ስቲኪን የተባለውን ወንዝ ተከትለው ሄደው ግሌኖራ አጠገብ ያለውን ተራራ ሲወጡ፣ ጫፉ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር ያንግ ተንሸራተተና ሁለቱም ትከሻዎቹ ወለቁ። የቀደመ ጉዳት ነበረበት፤ ለሚዩር አልነገረውም። ሚዩር ዞሮ ከሥሩ መጣ፣ ጎትቶ አወጣው፤ ሁለቱም እጁ ለመውጣት ስላስፈለገው ሰውየውን የልብሱን ኮሌታ በጥርሱ ነክሶ ነው የተሸከመው። ሌሊቱን ሙሉ እየደገፈ አወረደው።

በዚያው ወቅት ደግሞ አንድ አሳፋሪ ነገር ተፈጸመ። ሚሲዮናውያኑ የተከራዩት መርከብ ነዋሪዎቹ ወደ ለቀቁት አንድ የድሮ የትሊንጊት መንደር ወሰዳቸው። በመንደሩ ቶተም የሚባሉ፣ የየቤተሰቡን ታሪክ የሚናገሩ የተቀረጹ ግንዶች ቆመዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አንዱን ምስል አስቆርጦ መርከቡ ላይ አስጫነ። ግንዱ የቤተሰቡ የሆነው ካዳቻን የተባለ የትሊንጊት ሰው ሚሲዮናዊውን ጠየቀው፦ የእኛ ሰው መቃብር ቦታችሁ ገብቶ የቤተሰብህን ሐውልት ቢቆርጥ ምን ትላለህ አለው። እዚህ ላይ ምን መልስ አለ?

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ጥቅምት ላይ ሚዩርና ያንግ በአንድ ታንኳ ወደ ሰሜን ተነሡ። ታንኳው የቶያቴ ነው፤ የስቲኪን ትሊንጊቶች አለቃ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ባሕሩን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው። ካዳቻን አብሯቸው ነበረ፤ ጆንና ቻርሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶችም ነበሩ። ሚዩር የያዘው ካርታ እንግሊዛዊው ካፒቴን ቫንኩቨር በ1794 ያሠራው ነው። በካርታው ላይ የሚሄዱበት ቦታ የለም! በቫንኩቨር ጊዜ እዚያ የነበረው የበረዶ ግድግዳ ብቻ ነበራ። ቻርሊ ግን ልጅ ሳለ በበረዶ የተሞላ ትልቅ ወሽመጥ ውስጥ አቆስጣ ማደኑን ያስታውሳል፤ ዛፍ የሚባል ስለሌለበት ማገዶ ይዘን እንሂድ አለ። ከሁና አዳኞች ሰፈርም አንድ መሪ ተጨመረላቸው።

እንግዲህ ግላሲየር ቤይን ሚዩር አገኘው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ካርታ የያዘው እሱ፣ መንገዱን የሚያውቁት እነሱ! የሁና ትሊንጊቶች ወሽመጡ በበረዶ ሳይሸፈን በፊት እዚያው ይኖሩ ነበር። በ1700ዎቹ ግግሩ ወደ ፊት ገፍቶ ከቀያቸው አስወጣቸው። ከሰው ተለይታ የተቀመጠች አንዲት ልጃገረድ በረዶውን ጠርታው ነው የመጣው ብለው ይተርካሉ።

ዝናብና በረዶ እየወረደ ገቡ። እሑድ ስለነበር ያንግ ሰንበት ነው ብሎ ቀረ፤ ሚዩር ብቻውን ዳገቱን ወጣ። ከላይ ደመናው ገለጥ ሲል ግዙፍ ግዙፍ የበረዶ ግግሮች ከተራሮቹ እየወረዱ ወሽመጡ ውስጥ ሲገቡ አየ። ከቫንኩቨር ጊዜ ወዲህ በረዶው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ ነበር፤ በ85 ዓመት ውስጥ! ታንኳ ቀዛፊዎቹ ግን ፈርተዋል። ቶያቴ በእንዲህ ያለ ቦታና በእንዲህ ያለ አየር ዕውቀት ፍለጋ የሚዞር ሰው ጠንቋይ ቢሆን ነው ብሎ ነበር። ሚዩር እሳት ዳር ተቀምጦ አጽናናቸው፤ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የፌርዌዘር ተራሮች ጫፍ እንደ ፍም ቀላ፤ ሁሉም ዝም ብለው አዩ።

በታንኳ በአጠቃላይ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ራንግል ተመለሱ። በጥር 1880 ግን አረቄ ባመጣው ጠብ ሁለት ወገኖች ራንግል ውስጥ ተታኮሱና ቶያቴ ተገደለ። ዛሬ በመርከብ ከሚሄደው ሰው ስንቱ የቶያቴን ስም ያውቃል?

ሚዩር ሚያዝያ 14 ቀን 1880 አገባ። በጋው ሳያልቅ እንደገና አላስካ ነው። በዚህ ጉዞ ስቲኪን የሚባል የያንግ ትንሽ ጥቁር ውሻ ታንኳው ላይ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ማዕበሉ ሲያጓራ ሚዩር ቁራሽ ዳቦ ኪሱ ከትቶ ዛሬ ብሬዲ በሚባለው ግግር ላይ ወጣ። ውሻው ተመለስ ቢለውም ተከተለው። ሲመለሱ እየመሸ፣ እየዘነበ፣ ሊዘሉት የማይችሉት ሰፊ ስንጥቅ ፊታቸው ተደቀነ። በስንጥቁ ላይ የተጋደመ፣ ከአፋፉ ዝቅ ብሎ የተያያዘ፣ ጫፉ እንደ ቢላ ስለት የሆነ ቀጭን የበረዶ ድልድይ ብቻ አለ፤ ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል። ሚዩር በመጥረቢያው መርገጫ እየፈለፈለ ወረደ። ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተቀምጦበት ጫፉን ለውሻው እግር እየደለደለ ተሻገረ። ውሻው ወዲያ ማዶ ቆሞ ያለቅሳል። እስከዚያ ድረስ ምንም የማይፈራ፣ ከማንም የማይላመድ ኩሩ ውሻ ነበር። በመጨረሻ ተንፏቆ፣ እግር በእግር እየለካ ተሻገረና በደስታ አበደ፤ እየዞረ ይሮጣል፣ ይንከባለላል፣ ሰውየው ላይ ይዘላል። ሚዩር ታሪኩን በ1897 አሳተመው፤ በ1909 በመጽሐፍ ወጣ።

የውሻው መጨረሻ ግን ያናድዳል። በ1883 በጋ አንድ ጎብኚ ራንግል ወደብ ላይ ሰርቆ በእንፋሎት መርከብ ይዞት ሄደ።

አዎ፣ ጎብኚዎች መጥተው ነበር! ሚዩር ለሳንፍራንሲስኮ ጋዜጣ ይልካቸው የነበሩት ጽሑፎች ሰውን አነሳስተዋል። በዚያው በ1883 ካፒቴን ጄምስ ካሮል አይዳሆ የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ ጎብኚዎችን እንደያዘ ወደ ግላሲየር ቤይ አስገባት። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ጋዜጠኛዋ ኢላይዛ ሲድሞር ስትሆን ስለ አላስካ የጻፈችው መጽሐፍ በ1885 ወጣ። ትልቁ ግግርም የሚዩር ግግር ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በየበጋው መርከብ በመርከብ ላይ ሆነ፤ ጎብኚው ጭቃ እንዳይነካው እስከ በረዶው የሚያደርስ የሳንቃ መንገድ ተዘረጋለት።

ሚዩር ራሱ በ1890 ኩዊን በተባለችው መርከብ፣ ከዚያው ከካሮል ጋር መጣ። ክፉ ሳል ይዞት ነበር፤ ወዳጆቹ በረዶ ላይ ተኝተህ ልትሞት ነው ቢሉት አልሰማም። ተሳፋሪው ጥቂት ሰዓት አይቶ ሲመለስ እሱ ቀረ። መንሸራተቻ ሠርቶ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ለአሥር ቀን ያህል ብቻውን ግግሩ ላይ ዞረ። ዓይኑ በበረዶው ነጸብራቅ ታመመ። ሳሉ ግን ለቀቀው።

በ1899 ደግሞ የባቡር ሐዲድ ከበርቴው ኤድዋርድ ሃሪማን ጆርጅ ኤልደር የተባለችውን መርከብ አዘጋጅቶ ሳይንቲስቶችንና ሠዓሊዎችን ሰበሰበ። መርከቧ 126 ሰው፣ ፒያኖና ቤተ መጻሕፍት ጭና ነበር። ሚዩርም ተጋበዘ። ጉዞው ለሳይንስ ብዙ ጠቅሟል። ሆኖም ኬፕ ፎክስ ሲደርሱ ከትሊንጊቶች መንደር ቶተሞቹን ነቅለው ጫኑ። የካዳቻን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላም የሰማው አልነበረም ማለት ነው። ከተወሰዱት ብዙዎቹ ለባለቤቶቹ የተመለሱት በ2001 ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም 10 ቀን ከባድ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ። የሚዩር ግግር ተሰባበረ፤ ወሽመጡ በተንሳፋፊ በረዶ ታጨቀ። መርከቦቹ መቅረብ ስላልቻሉ መምጣታቸውን ተዉ፤ የሳንቃ መንገዱም ሰው አጣ።

ሚዩር የቀረውን ዕድሜውን ለካሊፎርኒያ ሸለቆዎች ሲሟገት አሳለፈ። በ1892 የተመሠረተውን የሴራ ክለብ እስኪሞት መርቷል፤ በ1903 ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ዮሰማይት ውስጥ ሦስት ሌሊት ውጭ አድሯል። ሄች ሄቺ የሚባለው ሸለቆ ግን በ1913 ለሳንፍራንሲስኮ ግድብ ተፈቀደና ልቡ ተሰበረ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1914፣ ሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። 76 ዓመቱ ነበር። እስከ መጨረሻው ሲያርመው የነበረው የአላስካ ጉዞ መጽሐፉ ረቂቅ አብሮት ነበር፤ በ1915 ታተመ።

ግላሲየር ቤይ በ1925 የተጠበቀ ቦታ፣ በ1980 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በቀን ከሁለት ትልልቅ የመዝናኛ መርከብ በላይ አይገባም። የሁና ሰዎችም በ2016 በአባቶቻቸው ምድር የጋራ ቤታቸውን መልሰው አቁመዋል። በረዶው ከቫንኩቨር ጊዜ ጀምሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። የሚዩር ግግር ከ1990ዎቹ ወዲህ ባሕር አይነካም። መርከቦቹ ወሽመጡ ለሁለት ሲከፈል የሚይዙት የምዕራቡን ክንድ፣ ወደ ማርጀሪ ግግር የሚያደርሰውን ነው፤ በሚዩር ስም የተጠራው በረዶ ከመርከብ በረንዳ ላይ አይታይም።